የትምህርት ፕሮጀክቶች ክትትልና ግምገማ፤ ከደረሰው ዕቃ እስከ ተማሪው ንባብ

በውጭ እርዳታ የሚካሄድ የትምህርት ፕሮጀክት ጊዜው ሲያበቃ የመጨረሻ ሪፖርት ይቀርብለታል። ሪፖርቱም እንደ ደንቡ ይህን ያህል የመማሪያ ክፍል ተሠራ፣ ይህን ያህል መጽሐፍ ታደለ፣ ይህን ያህል መምህር ሠለጠነ ይላል። ቁጥሮቹ ብዙውን ጊዜ ሐሰት አይደሉም። ክፍሉም ቆሟል፤ መጽሐፉም ደርሷል፤ መምህሩም ሥልጠናውን ተካፍሎ የምስክር ወረቀቱን ይዞ ተመልሷል። ይሁን እንጂ ሪፖርቱ ተነብቦ ካለቀ በኋላ አንድ ጥያቄ ሳይመለስ ይቀራል። ይኸውም፣ ፕሮጀክቱ ባይኖር ኖሮ ልጁ ሳያውቀው ይቀር የነበረው፣ በፕሮጀክቱ ምክንያት ግን ያወቀው ነገር ምንድን ነው? የሚል ነው።

ይህ ጥያቄ ለገንዘብ ሰጪው ድርጅት ብቻ የሚተው አይደለም። አንድ ልጅ በሁለተኛ ክፍል የሚያልፈው አንድ ጊዜ ነው፤ ያ ዓመት በማይረዳው ዘዴ ካለፈ የሚመለስለት የለም። ከዚህም በላይ፣ ያልሠራ ዘዴ እንዳልሠራ ካልታወቀ ወደ ሌላ ወረዳ፣ ከዚያም ወደ ሌላ ክፍለ ሀገር ይዛመታል። የተማሪዎቹ ዕውቀት ዝቅ ብሎ ሲገኝም ነቀፋው የሚያርፈው ዘዴውን ባወጣው ላይ ሳይሆን በመምህሩ ላይ ነው። ስለሆነም የክትትልና የግምገማ አሠራር ከመምህራንና ከዕቅድ አውጪዎች ዘንድ በሚገባ መታወቅ ያለበት ጉዳይ ነው። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የሁለቱ ቃላት ልዩነት

ክትትልና ግምገማ ዘወትር ተጣምረው ስለሚጠሩ አንድ ሥራ ይመስላሉ። በመሠረቱ ግን የሚጠይቁት የተለያየ ነው። ክትትል ሥራው በመካሄድ ላይ ሳለ በሠራተኞቹ በራሳቸው በየጊዜው የሚከናወን ሲሆን፣ ጥያቄውም «ሥራው በዕቅዱ መሠረት እየተፈጸመ ነውን? ገንዘቡስ፣ ጊዜውስ፣ ዕቃውስ ከምን ደረሰ?» የሚል ነው። ግምገማ በአንጻሩ በተወሰነ ጊዜ፣ ማለትም በፕሮጀክቱ አጋማሽ፣ በፍጻሜው ወይም ካበቃ ከዓመታት በኋላ የሚደረግ ሲሆን፣ ዕቅዱን ራሱን ለጥያቄ ያቀርባል። ሥራው እንደ ታቀደው ተፈጽሞ ቢሆን እንኳ፣ ቀድሞውኑ መታቀድ የነበረበት ነገር ነበርን? ይላል። ክትትሉ መልካም ክንውን እያሳየ ግምገማው ውድቀትን ሊያሳይ የሚችለውም በዚህ ምክንያት ነው።

በምሳሌ ለማስረዳት፣ በአንድ ወረዳ ለሚገኙ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አጋዥ የንባብ መጻሕፍት የሚያድል ፕሮጀክት አለ እንበል። መጻሕፍቱ በመኪና ተጭነው ይደርሳሉ፤ ርእሰ መምህሩ ቆጥሮ ይረከባል፤ ሞዴል 19 ይቆረጣል። ከዚያች ቀን ጀምሮ መጻሕፍቱ በርእሰ መምህሩ ኃላፊነት ሥር ያሉ የመንግሥት ንብረት ናቸው። አንድ መጽሐፍ ቢጠፋ ወይም ቢቀደድ ተጠያቂው እርሱ ነው፤ መጻሕፍቱ ሳይነበቡ ቢቀሩ ግን የሚጠይቀው የለም። በመሆኑም ጥንቁቅ ርእሰ መምህር መጻሕፍቱን በዕቃ ግምጃ ቤት ቆልፎ ቢያስቀምጥ በስንፍና ሊወቀስ አይገባውም፤ የንብረት መመሪያውን በትክክል ፈጽሟልና። የክትትሉ ቅጽ «የተረከቡት ብዛት» የሚል ዓምድ ኖሮት «ለተማሪ የተዋሱት ብዛት» የሚል ዓምድ ከሌለው፣ ግምጃ ቤቱ ዓመቱን በሙሉ ሳይከፈት ቢቆይም ሪፖርቱ መቶ በመቶ ክንውን ያሳያል።

የሙያው ሰዎች ይህን የሚያስረዱት በሰንሰለት አምሳል ነው። ገንዘቡ፣ ዕቃውና የሰው ኃይሉ ግብዓት ይባላል። በግብዓቱ የሚሠራው ሥራ ተግባር ነው። ከተግባሩ በቀጥታ የሚገኘው፣ ለምሳሌ የታደለው መጽሐፍና የሠለጠነው መምህር፣ ቅርብ ውጤት ነው። በዚህ ሳቢያ በሰዎች አሠራርና ችሎታ ላይ የሚታየው፣ ማለትም መምህሩ አዲሱን ዘዴ በክፍል መጠቀሙና ተማሪው ማንበብ መቻሉ፣ ለውጥ ይባላል። ከዓመታት በኋላ በኑሮ ላይ የሚገለጸው ደግሞ ዘላቂው ፋይዳ ነው። በአማርኛ የመጨረሻዎቹ ሦስቱ ብዙ ጊዜ «ውጤት» በሚል በአንድ ቃል መጠራታቸው፣ በዚያ ላይ የፈተና ነጥብም «ውጤት» መባሉ፣ በየቢሮው ለሚታየው መደናገር የራሱ ድርሻ አለው። ዕቅድ አውጪው «ውጤት ተገኝቷል» ሲል መጽሐፍ ታድሏል ማለቱ ሊሆን ይችላል፤ መምህሩ ሲሰማው ግን ልጆቹ ማንበብ ቻሉ የተባለ ይመስለዋል።

ሰንሰለቱን በአንድ ገጽ ላይ የሚያሰፍረው፣ ሎጂካል ፍሬምወርክ ወይም ባጭሩ ሎግፍሬም የተባለው ሠንጠረዥ በ1969 ለአሜሪካ የዓለም አቀፍ ልማት ድርጅት (ዩ.ኤስ.ኤ.አይ.ዲ.) የተዘጋጀ ነው። ድርጅቱ በዚያን ጊዜ ሥራውን ሲያስመረምር የተገኙት ጉድለቶች ሦስት ነበሩ። ዓላማዎቹ ግልጽ አልነበሩም፤ ኃላፊነቱ የማን እንደ ሆነ አይታወቅም ነበር፤ ግምገማውም በሥራው ይዘት ላይ ከመወያየት ይልቅ ወደ ሙግት ያመራ ነበር። ሠንጠረዡ አራት ረድፍና አራት ዓምድ አለው። ዓምዶቹም የሚሠራውን፣ መለኪያውን፣ የመለኪያውን ማስረጃ ምንጭና ታሳቢ ሁኔታዎችን የሚይዙ ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ በጥድፊያ የሚሞላው የመጨረሻው ዓምድ ነው። «የሚመለከታቸው ሁሉ ተገቢውን ድጋፍ ያደርጋሉ» የሚል ዓረፍተ ነገር ተጽፎበት ይታለፋል። ነገር ግን ከላይ የተጠቀሰው የግምጃ ቤት ቁልፍ ጉዳይ መጻፍ የነበረበት በዚሁ ዓምድ ነበር።

በምዕራብ ኬንያ የታየው

የታደለ መጽሐፍ ለውጥ ሳያስገኝ ሊቀር እንደሚችል በጥንቃቄ ከተጠኑት ጉዳዮች አንዱ የኬንያው ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ፣ ቡሲያና ቴሶ በተባሉት የምዕራብ ኬንያ አውራጃዎች፣ አንድ የሆላንድ በጎ አድራጎት ድርጅት 100 የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችን ለመርዳት ተነሣ። ለሁሉም በአንድ ጊዜ ማዳረስ ስለማይቻል፣ ትምህርት ቤቶቹ በዕጣ መሰል አመዳደብ በአራት ተከፍለው፣ 25ቱ በ1996 አስቀድመው የመማሪያ መጻሕፍት አገኙ። የተቀሩት ተራቸውን ሲጠብቁ ለማነጻጸሪያ አገለገሉ። ፖል ግሉዊ፣ ማይክል ክሬመርና ሲልቪ ሙላን የተባሉት ተመራማሪዎች ሁኔታውን ተከታትለው በ2009 ያሳተሙት ጥናት እንዳመለከተው፣ መጻሕፍቱ የተማሪዎቹን አማካይ የፈተና ነጥብ ከፍ አላደረጉም።

ከዚህ ላይ ግምገማው ቢያበቃ ኖሮ «መጽሐፍ አይጠቅምም» የሚል የተሳሳተ ድምዳሜ ላይ ያደርስ ነበር። ተመራማሪዎቹ ግን አማካዩን ከፍለው ተመለከቱት። ከፕሮጀክቱ በፊት በተሰጠው ፈተና ከፍተኛ ነጥብ ያገኙት ተማሪዎች በመጻሕፍቱ ተጠቅመዋል፤ የቀሩት ግን አልተጠቀሙም። ምክንያቱን ለማግኘት ሩቅ መሄድ አላስፈለገም። መጻሕፍቱ የተጻፉት በእንግሊዝኛ ነው። እንግሊዝኛ ደግሞ ለአብዛኞቹ ልጆች፣ ከአፍ መፍቻ ቋንቋቸውና ከስዋሂሊ ቀጥሎ የሚመጣ ሦስተኛ ቋንቋ ነው። ብዙዎቹ ተማሪዎች መጽሐፉን በእጃቸው ይዘው ሊያነቡት አልቻሉም። ስለዚህ የተበላሸው ዕደላው ሳይሆን ሥርዓተ ትምህርቱ ከልጆቹ ጋር የነበረው ርቀት ነው። ቆጠራ ብቻ የያዘ ሪፖርት ይህን ሊያሳይ አይችልም ነበር፤ አማካይ ነጥብም ብቻውን አያሳየውም።

በዚያው አካባቢ የተደረገ ሌላ ጥናት ለገምጋሚዎች ይበልጥ የሚያሳስብ ነው። ነገሩ በክፍል ግድግዳ ላይ እየተሰቀሉ ገጽ በገጽ የሚገለጡ፣ ሥዕልና ሠንጠረዥ ያለባቸው ትልልቅ የማስተማሪያ ወረቀቶችን ይመለከታል። ወረቀቶቹ ቀድሞውኑ ያሏቸው ትምህርት ቤቶች ከሌሏቸው ጋር ሲነጻጸሩ፣ ያሏቸው ትምህርት ቤቶች ተማሪዎች በልጠው ተገኙ። ልዩነቱም በቀላሉ የማይታይ አልነበረም። ሆኖም 178 ትምህርት ቤቶች ተመርጠው፣ ለግማሾቹ በዕጣ መሰል አመዳደብ ወረቀቶቹ ሲሰጡ፣ ልዩነቱ ጠፋ። ይህ የሆነበት ምክንያት ግልጽ ነው። አስቀድሞ ወረቀቱን ገዝቶ የሰቀለ ትምህርት ቤት፣ ምናልባት ትጉህ ርእሰ መምህር ያለው፣ ወላጆቹ የሚረዱት፣ ገንዘብ የማያጥረው ነው። ተማሪዎቹን ያስበለጣቸው ይህ ሁሉ ሲሆን፣ ምስጋናው ለወረቀቱ ተሰጠ።

በአገር ውስጥ የሚዘጋጁ ብዙ ሪፖርቶች የሚሠሩት በዚሁ የተሳሳተ መንገድ ነው። «ፕሮጀክቱ ያለባቸው ትምህርት ቤቶች ከሌለባቸው ይሻላሉ» ይባላል፤ ነገር ግን ፕሮጀክቱ መጀመሪያ የሄደው መንገድ ወዳለበት፣ ርእሰ መምህሩ ደብዳቤ ወደሚጽፍበት፣ ለጉብኝት ወደሚመች ትምህርት ቤት መሆኑ ይዘነጋል። «ከፕሮጀክቱ በፊትና በኋላ» የሚለው ንጽጽርም እንዲሁ ብቻውን አያስተማምንም። በሦስት ዓመት ውስጥ ዝናቡ ሊሰምር፣ አዲስ መንገድ ሊከፈት፣ ደመወዝ ሊሻሻል ይችላል። ልጁም ቢሆን በሦስት ዓመት ውስጥ ሦስት ዓመት ያድጋል።

ለውጡ ከታሰበበት ቦታ ውጭ ሊገኝ እንደሚችልም መጨመር ያሻል። በ1998 በዚያው በቡሲያ በ75 ትምህርት ቤቶች የአንጀት ትላትል መድኃኒት በየተራ ሲሰጥ፣ ኤድዋርድ ሚገልና ማይክል ክሬመር ባደረጉት ጥናት ከትምህርት ገበታ መቅረት በአንድ አራተኛ ያህል ሲቀንስ፣ የፈተና ነጥብ ግን ለውጥ አላሳየም። የዚህ ጥናት አኀዝ በ2015 በሌሎች ተመራማሪዎች እንደገና ተመርምሮ ብዙ አከራክሯል። ለተነሣው ነጥብ ግን አንድ ነገር ያስረዳል። የስም ጥሪው መዝገብ ባይታይና ፈተናው ብቻ ቢታይ ኖሮ፣ መድኃኒቱ ምንም አላደረገም ይባል ነበር።

የገንዘቡ መንገድ

ክትትል ሲደክም የሚጠፋው ዕቃ ብቻ አይደለም። በኡጋንዳ ከ1991 እስከ 1995 ባሉት ዓመታት፣ መንግሥት ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በተማሪ ቁጥር ልክ የሥራ ማስኬጃ ድጎማ ይልክ ነበር። በማዕከላዊው መሥሪያ ቤት መዝገብ ላይ ገንዘቡ ወጪ ሆኗል፤ ሒሳቡም የተሟላ ነበር። ይሁን እንጂ ወጪው ሲጨምር በትምህርት ቤቶች የሚታይ ለውጥ ስለታጣ፣ በ1996 250 ትምህርት ቤቶች ተመርጠው «የደረሳችሁ ምን ያህል ነው?» ተብለው ተጠየቁ። ሪትቫ ራይኒካና ያኮብ ስቬንሶን የተባሉት ተመራማሪዎች ከላኪውና ከተቀባዩ የተገኘውን መዝገብ ሲያስተያዩ፣ ከድጎማው በአማካይ ወደ ትምህርት ቤቶቹ የደረሰው 13 በመቶ ያህል ብቻ ሆኖ ተገኘ። አብዛኞቹ ትምህርት ቤቶች ጭራሽ ምንም አልደረሳቸውም። የቀረው ገንዘብ የተበላው በመንገድ ላይ፣ በአውራጃ መስተዳድሮች ደረጃ ነበር።

በዚህ ጥናት ልዩ የሆነው ነገር የዘዴው ቀላልነት ነው። አንዳችም የረቀቀ ስሌት አላስፈለገውም፤ የሰጪውን መዝገብ ከተቀባዩ መዝገብ ጋር ማስተያየት ብቻ ነበር። ከዚያ በፊት የነበረው ክትትል ግን የሰጪውን መዝገብ ከሰጪው ከራሱ መዝገብ ጋር ያስተያይ ነበር።

የኡጋንዳ መንግሥት ከዚያ በኋላ ለየአውራጃው የሚላከውን ገንዘብ በጋዜጦች ያሳውቅ ጀመር፤ ትምህርት ቤቶችም የደረሳቸውን በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ እንዲለጥፉ ተደረገ። በ2001 ለትምህርት ቤቶች የሚደርሰው ድርሻ 80 በመቶ ያህል ደረሰ። ለዚህ ለውጥ ምስጋናው ሁሉ ለጋዜጣው ማስታወቂያ ተሰጥቶ፣ ታሪኩ በየጉባኤው ሲነገር ኖሯል። በኋላ ግን በዚያው ጊዜ የገንዘብ አላላኩ ደንብ ጭምር እንደ ተሻሻለና ሌሎች እርምጃዎችም እንደ ተወሰዱ የሚያሳስቡ ተመራማሪዎች ተነሥተዋል። ተቃውሟቸው ተገቢ ነው። ማነጻጸሪያ ስላልነበረ፣ ከመፍትሔዎቹ መካከል የትኛው ምን ያህል እንደ ሠራ ለይቶ ማወቅ አስቸጋሪ ሆኗል። በአንድ ጊዜ ብዙ ነገር የሚለውጥ መንግሥት ሊመሰገን ይገባዋል፤ ገምጋሚውን ግን ያስቸግረዋል።

ቁጥር ዋጋ ሲኖረው

በክፍያ ላይ የተመሠረተ ቁጥር የራሱ ጠባይ አለው። ኬንያ በ2003 የአንደኛ ደረጃ ትምህርትን ያለ ክፍያ ስታደርግ፣ ትምህርት ቤቶች ከመንግሥት የሚያገኙት ገንዘብ በተማሪዎቻቸው ቁጥር ልክ ሆነ። ከዚያ በኋላ ከትምህርት ቤቶች የተሰበሰበው አኀዝ የተማሪ ቁጥር በከፍተኛ ደረጃ መጨመሩን ሲያሳይ፣ በዚያው ዘመን በየቤቱ እየተዞረ የተሰበሰበው የቤተሰብ ጥናት ግን ያንኑ ያህል ዕድገት አላሳየም። ጀስቲን ሳንደፈርና አማንዳ ግላስማን በ2015 ያሳተሙት ጥናት ይህን ልዩነት በዝርዝር አቅርቧል። በክትባት ረገድም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። በ2000 የተቋቋመው ጋቪ የተባለው የክትባት ኅብረት ለእያንዳንዱ ተጨማሪ የተከተበ ሕፃን 20 ዶላር ለአገሮች ይከፍል በነበረበት ጊዜ፣ በመንግሥት ሪፖርቶችና በቤት ለቤት ጥናቶች መካከል ያለው ልዩነት በበርካታ አገሮች ሰፍቶ ተገኝቷል።

ይህ የአንድ አገር ሕዝብ ወይም የአንድ ሙያ ነውር አይደለም። ጣሪያው የሚያፈስበት፣ ጠመኔ የሚቸግረው ርእሰ መምህር፣ በመስከረም ተመዝግቦ በጥቅምት የቀረውን ልጅ ስም ከመዝገቡ ሳይሰርዝ ቢያቆይ፣ ለራሱ ኪስ ብሎ ላይሆን ይችላል። ቢሆንም አኀዙ ከእውነቱ ይርቃል። ለዚህ የሚሆነው መድኃኒት ቁጣ አይደለም። ገንዘብ የሚያስገኘውን ቁጥርና ለግምገማ የሚያገለግለውን ቁጥር አንዱ ሰው፣ በአንድ ቅጽ፣ ለአንድ ቢሮ እንዳይሞላ ማድረግ ይሻላል።

በኢትዮጵያ የተማሪው ንባብ ሲፈተሽ

በኢትዮጵያ የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ቁጥር በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከ3 ሚሊዮን በታች የነበረው፣ በ2008/09 የትምህርት ዘመን ከ15 ሚሊዮን በላይ ሆነ። ይህ ታላቅ ሥራ ነው፤ በቁጥር ሊለካ የሚገባውም በዚሁ መንገድ ነው። የትምህርት ጥራት ማሻሻያው መርሃ ግብር በእነዚያው ዓመታት መጻሕፍትንና የትምህርት ቤት ድጎማን ይዞ ሲጀመር ግን፣ ጥያቄው ከመግባት ወደ መማር ተሸጋገረ።

በ2010 የተካሄደው የመጀመሪያ ክፍሎች የንባብ ምዘና ለዚህ ጥያቄ መልስ ሰጠ። አሠራሩ እንደ ተለመደው የጽሑፍ ፈተና አይደለም። የሠለጠነ ጠያቂ ከአንድ ልጅ ጋር ብቻ ተቀምጦ፣ ልጁ ፊደላትን፣ ቃላትንና አንዲት አጭር ታሪክ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ምን ያህል እንደሚያነብ ይሰማል፤ ቀጥሎም ስላነበበው ይጠይቀዋል። ከ300 በላይ በሆኑ ትምህርት ቤቶች፣ በስድስት ቋንቋዎች፣ 13,000 ያህል የ2ኛና የ3ኛ ክፍል ተማሪዎች ተፈተኑ። ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶዎቹ ከታሪኩ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም፤ ግማሽ የሚጠጉት ከቀረቡላቸው ጥያቄዎች አንዱንም አልመለሱም።

እነዚህ ልጆች በስም ጥሪ መዝገብ ላይ የተገኙ፣ በየሪፖርቱ ውስጥ «ተማሪ» ተብለው የተቆጠሩ ናቸው። ከዚህ ምዘና በኋላ የአፍ መፍቻ ቋንቋ የንባብ ትምህርት በሰባት ቋንቋዎች እንደገና ተዘጋጅቶ አዳዲስ መጻሕፍት ታትመዋል። ግምገማ ሥርዓተ ትምህርትን ሲያስለውጥ ከታየባቸው ጥቂት አጋጣሚዎች አንዱም ይኸው ነው።

በዚህ ምዘና አጠቃቀም ግን ሊጠነቀቁበት የሚገባ ነገር አለ። በደቂቃ የሚነበበው የቃላት ብዛት ከቋንቋ ወደ ቋንቋ ሊነጻጸር አይችልም። በእንግሊዝኛ ሦስት ወይም አራት ቃል የሚሆነው ሐሳብ በአማርኛ በአንድ ቃል ይነገራል። «አልነገርኳቸውም» የሚለውን ቃል ያነበበ ልጅ አንድ ቃል ብቻ እንዳነበበ ይቆጠርለታል። በላቲን ፊደል የሚጻፉት ኦሮምኛና ሶማልኛም የየራሳቸው ረጃጅም ቃላትና የሚደጋገሙ ሆሄያት አሏቸው። የግእዝን ፊደል የሚማር ልጅ ከ33 ረድፍ በሰባት ሰባት የሚሆኑ 231 ቅርጾች ሲጠብቁት፣ በላቲን የሚማረው ከሠላሳ ባልበለጡ ይጀምራል፤ በሌላ በኩል ግን የመጀመሪያው ልጅ ፊደሉን ካወቀ ድምፁን መገጣጠም አያስቸግረውም። ስለሆነም በሌላ አገር ቋንቋ የወጣ የፍጥነት መመዘኛ እንዳለ ሲገለበጥ፣ ጥሩ የሚያነቡትን ልጆች ደካማ፣ የሚያስተምሯቸውንም መምህራን ሰነፍ ያሰኛል። ለየቋንቋው መመዘኛ ሲወጣ የቋንቋው መምህራን በስብሰባው መገኘት ያለባቸው ለክብር ሳይሆን ለዚህ ነው።

በአስቸኳይ እርዳታ ጊዜ

በጦርነት፣ በድርቅ ወይም በመፈናቀል ጊዜ ለሚሰጥ እርዳታ ከላይ የተባለው ሁሉ ይከብዳል። የመነሻ ጥናት ለማድረግ ጊዜ የለም፤ ሕዝቡ ይንቀሳቀሳል፤ ለአንዱ ሰጥቶ ሌላውን ለማነጻጸሪያ ማስጠበቅም ከሰብአዊነት ውጭ ነው። ቢሆንም ግምገማ ፈጽሞ አይቻልም ማለት አይደለም። በ1994 በሩዋንዳ ከተፈጸመው የዘር ማጥፋት በኋላ፣ በርካታ መንግሥታትና ድርጅቶች በጋራ አስጠንተው በ1996 በአምስት ቅጽ ያወጡት ግምገማ ራሳቸውን ለጋሾቹን ሳይቀር የነቀፈ ነበር። ዋነኛ ፍሬ ነገሩም የሰብአዊ እርዳታ የፖለቲካ እርምጃን ሊተካ አይችልም የሚል ነው። በ1997 የተጀመረው ስፌር የተባለው የመመዘኛ ሥራ በዚያ ዘመን ከተደረገው ምርመራ ጋር የተያያዘ ሲሆን፣ በመመዘኛውም ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 15 ሊትር ውሃ፣ ለ250 ሰው አንድ የቧንቧ አፍ የሚሉ አኀዞች ሰፍረዋል።

በጊዜያዊ ሰፈር ለሚያስተምር መምህር ደግሞ አንድ የተለየ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። በድንኳን ክፍል የተገኙት ተማሪዎች ብዛት የራሽን ዕለት ሊጨምርም ሊቀንስም ይችላል። ልጁ ለምግቡ ሊመጣ፣ ወይም ከእናቱ ጋር ተሰልፎ ሊውል ይችላልና። በወር አንድ ቀን ብቻ የሚቆጠር ከሆነ ቀኑ የትኛው እንደ ሆነ በቅጹ ላይ መጻፍ አለበት። ትንሽ ነገር ቢመስልም፣ የወሩ ሪፖርት በሙሉ ሊዛባ የሚችለው በዚህ ነው።

ከዕቅዱ ጠረጴዛና ከክፍሉ

የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት የእርዳታ ኮሚቴ በ1991 ያወጣቸው አምስት የግምገማ መመዘኛዎች፣ ማለትም ተገቢነት፣ ውጤታማነት፣ ቁጠባ፣ ፋይዳና ዘላቂነት፣ በ2019 የተጨመረውም ቅንጅት፣ በየግምገማው ሰነድ መግቢያ ላይ ተደርድረው ይገኛሉ። መደርደራቸው ብቻ ግን የሚጠቅመው ነገር የለም፤ ወሳኙ ሥራ የሚሠራው ገምጋሚው ከመምጣቱ ከዓመታት በፊት ነውና።

ለዕቅድ አውጪው ይህ ማለት፣ መኪናው መጻሕፍቱን ጭኖ ከመነሣቱ በፊት ተማሪዎቹ ያሉበት ደረጃ መታወቅ አለበት ማለት ነው። ገንዘቡ በመጀመሪያው ዓመት ለሁሉም ትምህርት ቤቶች የማይበቃ ከሆነ፣ ቅደም ተከተሉ በዕጣ ቢወሰን ሁለት ጥቅም ያስገኛል። አንደኛ፣ ማንም በዘመድ ወይም በደብዳቤ ብርታት ቀደመ አይባልም። ሁለተኛ፣ ተራቸውን የሚጠብቁት ትምህርት ቤቶች ያለ ተጨማሪ ወጪ ማነጻጸሪያ ይሆናሉ። እናቶች የዕቁቡን ገንዘብ በዕጣ ሲያወጡ ማንም የሚቀየም ስለሌለ፣ ነገሩ ለአገሩ ሕዝብ እንግዳ አይሆንም። ከዚህም ሌላ፣ ከትምህርት ቤት የተሰበሰበ አኀዝ ተጠቃሎ ወደዚያው ትምህርት ቤት የሚመለስበት ቀን በዕቅዱ ውስጥ ገና ከመጀመሪያው መጻፍ አለበት። ዓመት በዓመት ቅጽ ሞልቶ የሚልክ፣ አንድም ቀን መልስ ያልደረሰው ርእሰ መምህር፣ በሦስተኛው ዓመት ያምናውን ቁጥር ጥቂት ከፍ አድርጎ ቢገለብጥ ሊያስደንቅ አይገባም።

የመምህሩ ሥራ ደግሞ ከዚህ የቀለለ፣ ነገር ግን ማንም ሊተካው የማይችል ነው። 50 ተማሪ ያለው የ2ኛ ክፍል መምህር በቀን አምስት ልጆችን ብቻ አንድ በአንድ ጠርቶ፣ እያንዳንዱን ለአንዲት ደቂቃ ቢያስነብብ፣ ክፍሉን በሁለት ሳምንት ይጨርሳል። የሚያስፈልገው አንድ ያልተለማመዱት አጭር ምንባብ፣ የሰዓት ቆጣሪና የልጁ ስም፣ ቀኑና በትክክል የተነበቡት ቃላት ብዛት የሚሰፍሩበት ደብተር ነው። ይህንኑ በጥቅምት አንድ ጊዜ፣ በግንቦት ደግሞ ተመጣጣኝ ክብደት ባለው ሌላ ምንባብ ቢደግመው፣ ዜሮ ያገኙት ልጆች እነማን እንደ ነበሩና በግንቦት ምን ላይ እንደ ደረሱ በስም ይታወቃል። ደብተሩ ለደመወዝ ዕድገት ወይም ለድጎማ ማስረጃ እንዲሆን መጠየቅ የለበትም፤ ከተጠየቀ እንደ ሌሎቹ ቅጾች ይሆናል። መምህሩ ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ሲዛወር ለተተኪው የሚያስረክበው ከቁልፍና ከስም ጥሪ መዝገብ ጋር አብሮ ነው።